አባባ በጆሯቸው ያዩት ድብድብ

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ሰው መትቶ አያውቅም። መርካቶ ውስጥ የስፖንጅ ፍራሽ ይሸጥ ነበር። ደንበኛ ሲጮህበት እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔና ወንድሜ ስናጠፋም የምትቆጣን እናታችን ነበረች እንጂ እሱ አልነበረም። እሑድ ጠዋት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሶ አይተኛም። ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ጣራችን ላይ ያለው ዲሽ ከሚያመጣቸው የዐረብ ጣቢያዎች አንዱን ይፈልጋል፤ ከዚያ በሽቦ አጥር በተከበበ መድረክ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ያያል። ቡጢው፣ እርግጫው፣ ትግሉ፣ ማነቁ ሁሉ የተፈቀደበት ድብድብ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ኤምኤምኤ ይሉታል። እኛ ቤት ስሙ «ሽቦው» ነበር። «ዛሬ ሽቦው አለ?» ሲባል ሁሉም ይገባዋል።

አባቴን ማየት ብቻ አይበቃውም፤ ይተነብያል። ተጋጣሚዎቹ ገና ወደ መድረኩ ሲመጡ «ይኼኛው ነው የሚያሸንፈው፤ ሦስተኛው ዙር አይደርሱም» ይላል። አንገታቸውን ያያል፣ አረማመዳቸውን ያያል፣ ሲመዘኑ ተፋጥጠው ቆመው የትኛው ቀድሞ ዓይኑን እንደሰበረ ያስታውሳል። ከጎረቤቱ ባለሱቅ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከርበት ይሰነብታል። ይኼ ሁሉ ጥናት ግን ብዙ አልጠቀመውም። ከቤታችን ሰው ሁሉ አብልጦ የሚሳሳተው እሱ ነበር።

ትምህርት ባለበት ጊዜ እሑድ ጠዋት የእሱ ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ቤቱ በሙሉ ይሰለፋል። አባቴ ጠርዙ ተቀዶ ገዢ ያጣ ፍራሽ ከሱቅ ያመጣና ሳሎኑ ወለል ላይ ያነጥፈዋል። ወንድሜ ከሰፈራችን ፉል ቤት ፉልና ዳቦ ይዞ ይመጣል። አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ተከናንበን እንቀመጣለን፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን ከፍ እናደርጋለን። ሁላችንም ግምታችንን እንናገራለን። ከሁሉ ይበልጥ የተሳሳተ ሰው የቤተሰቡን ጫማ ያጸዳል። ሰፈራችን ሰባተኛ አካባቢ በክረምት የኖረ ሰው ይኼ ቀላል ቅጣት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ጭቃው ከጫማ ጋር ዘመድ ነው።

እናቴ በርበሬ በረንዳ ትሠራ ስለነበር ሻርፗን ባራገፈች ቁጥር ሁላችንም እናስነጥሳለን። ድብድቡን ፊት ለፊት አታየውም፤ ቆማ፣ የበሩን መቃን ተደግፋ፣ በከፊል ዘወር ብላ ነው። «ልጆች ያሉት የትኛው ነው?» ትላለች። ማንም መልሱን ስለማያውቅ ፊታቸውን አይታ ራሷ ትወስናለች፤ የደከመው የሚመስለው ልጆች ያሉት ነው። ግምቷንም ለእሱ ትሰጣለች። የሚገርመው፣ ከአባቴ ይልቅ ይቀናት ነበር። ወንድሜ ሁልጊዜ ንቅሳት የበዛበትን ይመርጣል። እኔ መጀመሪያ በቁምጣቸው ቀለም ነበር የምመርጠው።

በአንዱ ክረምት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ የአባቴ አባት ከወሎ መጡ። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ነበር። አንደኛውን እዚህ እንዲታከሙ አባቴ ሲለምናቸው ከርሞ፣ በመጨረሻ እሺ ብለው ነው። እኔ ከዚያ በፊት ያየኋቸው በጣም ትንሽ ሆኜ ስለነበር አላስታውሳቸውም። ከአውቶቡስ ተራ ይዟቸው ሲገባ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው የአባቴን ትከሻ ይዟል፣ አባቴ ደግሞ በራሱ ቤት እንግዳ የሆነ ይመስል አንገቱን ደፍቷል። ሁላችንም ጉልበታቸውን ሳምን። መረቁን።

አባቴ እኔንና ወንድሜን ወደ ጓዳ ጠርቶ፣ «አባባ እስኪሄዱ ሽቦው የለም» አለን።

«ለምን?» አለ ወንድሜ።

«ልጅህ ምን ይሠራል ሲባሉ ‹መርካቶ ትልቅ ሱቅ አለው› ነው የሚሉት። ሰው ሲፈነካከት እያየ ይጮሃል እንዲሉ ትፈልጋለህ?»

የመጀመሪያው እሑድ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት አለፈ። አባቴ ከሱብሒ በኋላ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲያይ አረፈደ። እናቴ ሻይ እየቀዳች ዝቅ ባለ ድምፅ «ልብህ ሽቦው ጋ ነው» አለችው።

የአያቴ የሕክምና ቀጠሮ ተራዘመ። ሆስፒታሉ ሰው በዝቶበት ነበር፤ ተራ እስኪደርሳቸው ብዙ ሳምንት መጠበቅ ግድ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ሥር ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ሰው ሲገባ ከኮቴው ለይተው በስሙ ይጠሩታል። አባቴ ያከብራቸዋል፣ ይፈራቸዋልም። «ደክሞዎታል? በርዶዎታል? ምን ይምጣልዎ?» ይላል። ከዚያ ያለፈ ወሬ በመካከላቸው የለም።

በሁለተኛው እሑድ አባቴ መቻል አቃተው። ድምፁን አጥፍቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። አያቴ ማየት ስለማይችሉ አያውቁም ብሎ ነው። እኔና ወንድሜ ትንፋሻችንን ውጠን ከጎኑ ተቀመጥን። በሁለተኛው ዙር አንዱ ተጋጣሚ የሌላውን እግር ለማፈስ ጎንበስ ሲል አባቴ ራሱን ረስቶ፣ «ወገቡን ያዘው፣ ወገቡን!» አለ።

ከመስኮቱ ሥር መቁጠሪያው ቆመ።

«ማን ነው ማንን የሚይዘው?» አሉ አያቴ።

አባቴ ደነገጠ። «ምንም አይደለም አባባ። ቴሌቪዥን ነው።»

«ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ባለፈው እሑድ ስትቁነጠነጥ አረፈድክ፣ ዛሬ ደግሞ ሦስታችሁም ትንፋሻችሁን ይዛችኋል። አንቺ ልጅ፣ ነዪ እስቲ። ምንድን ነው የምታዩት? አንቺ ንገሪኝ።»

አባቴን አየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። ሄጄ ከአያቴ አጠገብ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሁለት ሰዎች እየተደባደቡ ነው አባባ።»

«ተጣልተው ነው?»

«አይደለም። ሥራቸው ነው።»

«ሥራቸው? ገላጋይ የላቸውም?»

«አንድ ሰው አለ መሀላቸው።»

«እሱ ምን ያደርጋል?»

«ሲበዛ ያላቅቃቸዋል።»

«ከመጀመሪያው ለምን አያላቅቃቸውም?»

ወንድሜ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ጥፋት እንደተገኘበት ልጅ ሆኖ ዳኛውን፣ ዙሩን፣ ሕጉን ማስረዳት ጀመረ። አያቴ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንዴት ነው የቆሙት? የትኛው እግራቸው ነው የቀደመው?» አሉ።

«የሁለቱም ግራቸው። አንደኛው ግን ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው።»

«የሚያፈገፍገው ተረከዙ መሬት ይነካል ወይስ በጣቱ ነው?»

ከዚያ ቀን በፊት የማንንም ተረከዝ አይቼ አላውቅም። ተጠግቼ አየሁ። «ይነካል።»

«ይወድቃል» አሉ አያቴ።

አልወደቀም። እንዲያውም ጥቂት ቆይቶ ሌላኛውን አንቆ ያሸነፈው እሱ ነው። ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። አያቴ ምንም ሳይመስላቸው፣ «እንግዲያው ተረከዙን በደንብ አላየሽውም» አሉኝ።

እናቴ በር ላይ ሆና በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

አባቴ ግን ግራ ገብቶት ያያቸዋል። «አባባ፣ ስለ ተረከዝ ከየት አወቁ?»

«ትግል ነው እኮ። እናትህን ሳላገባ፣ በሠርግ፣ በአውድማ፣ ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚጠራ። ሦስት ቀበሌ ማዶ ድረስ ሄጄ ታግያለሁ።»

«ይኼን አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅኸኝም። ጢምህ ሳያቀመቅም በአውቶቡስ ተሳፍረህ ሄድክ። መቼ ልንገርህ?»

ይኼን ያሉት እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ የሆነውን ነገር እንደ መንገር ነው። አባቴ የርቀት መቆጣጠሪያውን አንሥቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፈተው።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ አያቴ ከእኛ እኩል ይተነብዩ ጀመር። ዓይናቸው እኔ ነበርኩ። ክንዱ ይረዝማል? ሲተነፍስ አፉን ይከፍታል? ሲመታ ዓይኑን ይጨፍናል? ይጠይቁኛል፤ እኔም እየተቻኮልኩ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ስናገር «መታው፣ መታው፣ እንደገና መታው» ብቻ ነበር። «እሱማ ይሰማኛል፤ እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ እንጂ» ይላሉ። ቀስ በቀስ ተማርኩ። አንዱ ከአጥሩ ጋር ሲጣበቅ በር ላይ እንደተንጠለጠለ ልብስ ሆነ ብዬ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። የዐረብኛውን ተናጋሪ ድምፅም ይከታተላሉ። ከቁርኣን የሚያውቁትን አንዲት ቃል ሲይዙ «ሰብር አለ፤ ታገስ እያለው ነው» ብለው እሳቸውም በተራቸው ለእኔ ይተረጉሙልኛል። ትክክል ይሁን አይሁን ማናችንም አናውቅም።

አንድ እሑድ ትልቁ ግጥሚያ መሀል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሁላችንም አንድ ላይ አጉረመረምን።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ አያቴ።

«መብራት ሄደ አባባ።»

«እነሱስ? ድብድቡ ቆመ?»

«አይ፣ እነሱ ይቀጥላሉ። እኛ ነን የማናየው።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያውስ ዛሬ ሁላችንም እኩል ሆንን» አሉ።

ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ጨልሞ እያለ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እያንዳንዳችን እንዴት እንዳለቀ ገመትን። ሰኞ አባቴ ከጎረቤቱ ባለሱቅ ሰምቶ መጣ። እሱና አያቴ ሁለቱም ተሳስተው ነበር፤ እናቴ አግኝታዋለች። አባቴ ደጃፍ ላይ ባልዲ ይዞ ተቀመጠና የሁላችንን ጫማ መፋቅ ጀመረ። አያቴ የብሩሹን ድምፅ ሰምተው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«አባዬ ነው። ተሸንፎ ነው።»

የቤት አባወራ የልጆቹን ጫማ ሲያጸዳ ደስ አይላቸውም ብዬ ጠበቅኩ። አያቴ ግን በዳበሳ ኮንጎ ጫማቸውን ፈልገው አነሡና በመስኮቱ አወጡለት። «የእኔም አለ» አሉት።

«እርስዎም እኮ ተሸንፈዋል አባባ» አለ አባቴ። በሕይወቱ ለአባቱ እንዲህ ብሎ ሲመልስ ይኼ የመጀመሪያው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ከተናገረ በኋላ ብሩሹን ይዞ ቀረ።

«አዎ፤ ግን እኔ ዕውር ነኝ» አሉት። ሁለቱም ሳቁ።

ቀዶ ሕክምናው ነሐሴ ላይ ደረሰ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ እኔና አባቴ አብረን ነበርን። አያቴ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ ተናጋሪ? ድምፅሽን ስሰማ ትልቅ ሴት ነበር የመሰልሽኝ» አሉኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ጆሮ ግንዱ አካባቢ ነኩት።

«ሸብተሃል» አሉት።

አባቴ «አዎ አባባ» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጠብታውን እንዴት እንደምናደርግ ነርሷ ስትነግረን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አልሰማም።

በሚቀጥለው እሑድ ለአያቴ ወንበር ቴሌቪዥኑ ፊት ተደረገላቸው። አባቴ የአዲስ ሱቅ ምረቃ ያለበት ይመስል ነበር። ወንድሜ ተጨማሪ ፉል አመጣ። የመጀመሪያው ግጥሚያ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው ቅንድብ ተሰነጠቀና ፊቱ በደም ተሸፈነ።

አያቴ ወደፊት ጎንበስ ለማለት ሞከሩ፤ ሐኪሙ መጎንበስ ስለከለከላቸው እናቴ ትከሻቸውን ያዘች። «ያ ምንድን ነው ፊቱ ላይ?» አሉ።

«ደም ነው» አልኩ።

«ከዚህ በፊትስ ነበረ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ደሙን አንድም ቀን አልነገርሽኝም።»

«ደስ አይልዎትም ብዬ ነው።»

ጥቂት አዩ። ያ ልጅ በደም ውስጥ ሆኖ ለመነሣት ይታገላል። አያቴ «የሰው ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወንበራቸውን እንዲያዞርላቸው ወንድሜን ጠየቁት። ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው፣ ያንን በብዙ ጥበቃ ያገኙትን ዓይን ጨፍነው፣ «ያንቺው ይሻላል። ከየት ነበር ያቆምነው?» አሉኝ።

የቀረውን ክረምት እንደዚያው አየነው። አያቴ ቴሌቪዥኑን የሚያዩት ተጋጣሚዎቹ ሲተዋወቁ ብቻ ነው፤ ተረከዛቸውን ለመመርመር። ደወሉ ሲደወል ዓይናቸው ይዘጋል፣ እኔ እጀምራለሁ።

ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ እሑድ ጠዋት የሱቁ ጎረቤት ደወለ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ቦዩን ሞልቶ ወደ አባቴ መጋዘን እየገባ ነበር። ሽቦውን እንዳለ ትተን ሁላችንም ሮጥን። አያቴ ቤት ይቆዩ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። መርካቶ በእሑድ ጠዋት ዝግ ነው፤ ሰው የሌለበት መንገድ ላይ ውሃው ካርቶንና የበቆሎ ቆረቆንዳ እየነዳ ይወርዳል። መጋዘኑ ውስጥ ከታች የተደረደሩት ፍራሾች ጠርዛቸው መርጠብ ጀምሯል። አባቴና ወንድሜ ያነሣሉ፣ እኔና እናቴ እንቀበላለን፣ ወደ ቆጡ እንገፋለን። አያቴ በሩ ላይ ቆመው በደህናው ዓይናቸው ውሃው የሚገባበትን ቀዳዳ እያሳዩ በአፈር እንድንደፍነው ያዝዛሉ። ጨርሰን ስንቀመጥ የረጠቡት ጥቂት ነበሩ። የቀሩትን ሰፊው ቆጥ ላይ አንጥፈን፣ አያቴንም ደግፈን አውጥተን ተዘረጋንበት። ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበታል እንጂ ጣራው ቅርብ ነው፤ ዝናቡ ራሳችን ላይ የሚወርድ ይመስላል።

እኔና ወንድሜ እንደ ልማዳችን መታገል ጀመርን። አያቴ የእኔን አያያዝ አርመው፣ የወንድሜን አቋቋም አርመው፣ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ አባቴን «ና እስቲ፣ እናሳያቸው» አሉት።

«አባባ፣ ሐኪሙ . . .»

«ሐኪሙ አትጎንበስ አለኝ። አትቁም አላለኝም።»

እናቴ «እኔ የለሁበትም» ብላ ፊቷን ብታዞርም፣ ወንድሜ ወዲያው ግምት መሰብሰብ ጀመረ። እሱ አባቴን መረጠ። እኔ አያቴን። እናቴ ዞር ሳትል «ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው ይነሣሉ» አለች።

ተያያዙ። የአያቴ እጅ የአባቴ ወገብ ላይ፣ የአባቴ እጅ የእሳቸው ወገብ ላይ፣ አገጫቸው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ። አባቴ የእሳቸውን ጉልበት ሲስም አይቻለሁ፣ እጃቸውን ይዞ ሲመራቸው አይቻለሁ፤ እንዲህ ተቃቅፈው ግን አይቼ አላውቅም። ሳይነቃነቁ ቆዩ። ትግል ይሁን ሌላ ነገር አልገባኝም። ከዚያ አባቴ ተንሸራተተና ፍራሹ ላይ ተዘረረ።

እኔ አጨበጨብኩ። አያቴ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«አውቀህ ነው የወደቅከው።»

«አይደለም አባባ።»

«ሰው ሳያውቅ ሲወድቅ ይጨብጣል። አንተ ለቀቅከኝ። ተነሥ።»

አባቴ ተነሣ። እንደገና ያዛቸው። በዚህ ጊዜ ጥርሱን ነክሷል። አያቴ እግራቸውን ሊያስገቡ ሲሞክሩ አመለጣቸው፤ ቀኝ ክንዱን ዝቅ አድርጎ ከፍ አደረጋቸው። ቀላል ነበሩ። ለአፍታ በአየር ላይ ያዛቸው፣ ከዚያ አንድ እጁን ራሳቸው ሥር አድርጎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብሎ ፍራሹ ላይ አስተኛቸው።

እናቴ ብድግ ብላ ቆማለች። አያቴ በጀርባቸው ተኝተው ቆርቆሮውን ያያሉ።

«ዓይንዎ?» አለች እናቴ።

«ዓይኔ ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ መሳቅ ጀመሩ። «አሁን ያዝከኝ። እንዲህ ነው እንጂ!»

አባቴ ከጎናቸው ተጋደመ። ላቡ በፊቱ ይወርዳል። ያንን እግር የማስገባት ዘዴ ምን እንደሚሉት ጠየቃቸው፣ ነገሩት። ከማን እንደተማሩት ጠየቃቸው፣ ይኼንንም ነገሩት፤ አንድ የሞተ ጓደኛቸውን፣ አንድ የወንዝ ዳር ሠርግን፣ እናቱን መጀመሪያ ያዩበትን ቀን። አባቴ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ዝናቡ እስኪያባራ አልተነሡም።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ዓይናቸውን አይቶ በጣም ጥሩ ነው አለ። እኛም ስለ ትግሉ አልነገርነውም።

አያቴ ከዘመን መለወጫ በኋላ ተመለሱ። አባቴ ለዓመታት ፍራሽ ልላክልዎ ሲላቸው መደቤ ይበቃኛል ይሉ ነበር፤ አሁን ግን ራሳቸው አንድ መርጠው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ታሰረላቸው። ወያላው «ይኼ ሁሉ ለማን ነው አባት?» ቢላቸው «ሰው ለመጣል ነው» ብለው ገቡ።

በቀጣዩ ክረምት ለሌላኛው ዓይናቸው መጡ። እኔ ለማትሪክ የምዘጋጅበት ዓመት ስለነበር እሑድ ጠዋት ጓዳ ውስጥ በሩን ዘግቼ አጠና ነበር። የመንገሩ ሥራ ለአባቴ ቀረ። ግድግዳው ስስ ነው። «ግራ እግሩን አቀደመ አባባ፣ አሁን ዞረ፣ አሁን ተጠጋው» ሲል ይሰማኛል። አያቴ ደግሞ «ቀስ በል፤ እሷ እንደዚህ አትሮጥም ነበር» ይሉታል። ከዚያ ስለ ተረከዝ ይጣላሉ። ድምፃቸው ይመሳሰላል፤ አንዳንዴ ማንኛቸው እንደሚናገር መለየት ያቅተኝና መጽሐፌን ትቼ አዳምጣለሁ።